አሥራ አንድ አንዶች

የወንድሜን መርዶ ይዘው በመጡበት ጠዋት ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎችና የእድራችን ጸሐፊ በራችን ላይ ቆመው የጫማቸውን ጭቃ ሲጠርጉ ሰማሁ። እናቴ ማን እንደሆኑ ሳትጠይቅ ገባት። ለመርዶ የመጣ ሰው ጫማውን የሚጠርገው ቀስ ብሎ ነው፤ መግባቱን ስለማይፈልገው። ደረጀ ወደ ሰሜን ከሄደ ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር። የት እንደወደቀ አልነገሩንም። እነሱም አያውቁም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስሙና ማኅተሙ ብቻ ነው።

ስለ ወታደሩ ደረጀ የማውቀው ነገር የለኝም። የማውቀው ጎሚስታውን ነው። ስለሱ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ አቁሜአለሁ። የማቆምበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነው። ዛሬ እዚያ ቦታ ስደርስ አላቆምም ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ደረጀ አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ጋሽ በዳዳ ዘንድ ጎማ ይጠግን ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሷል። በማትሪክ ሂሳብ ኤ አመጣ፣ እንግሊዝኛ ጣለው። ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ቀረ። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ብቻ ነው ሲያወራ የሰማሁት። “ፈተናው አትበቃም አለኝ” አለ። “ይሁን። ግን የማንንም ማኅተም ሳልጠብቅ፣ እኔ ራሴ ያወቅሁት አንድ ነገር እፈልጋለሁ። አንድ ይበቃኛል።”

ረጅም ነው፣ ትንሽ ይጎብጣል። የጭላሎ ተራራ ብርድና ጎማ የሚፈትሽበት በርሜል ውሃ ጣቶቹን ሰነጣጥቀውታል። ጆሮው ላይ ጠመኔ አይጠፋም። እርግጠኛ የሆነበትን ነገር ከመናገሩ በፊት እጁን ሁለት ጊዜ ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ጥቁሩ ላስቲክ ሰሌዳው ነበር፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ እየጻፈበት ያካፍላል። ሾፌሮች “ጎማዬ ላይ የተጻፈው ምንድነው?” ሲሉት “ዋስትናው ነው፣ አያጥቡት” ይላቸዋል። አንዳንዶቹ እውነት መስሏቸው ሳያጥቡት ይሄዱ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪያውን፣ ይነፋና በግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ከዚያ ስንዝር በስንዝር ያዞረዋል። አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው እዚያ ነው። ሌላው ጎሚስታ አንዴ ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና ይጥለዋል። ደረጀ ግን አንድም ስንዝር አይዘልም። አረፋ ካገኘ በኋላ እንኳ ዙሩን ሳይጨርስ አያወጣውም።

“ኧረ ቶሎ በል አንተ ልጅ! የኢተያ ገበያ ሊበተንብኝ ነው!” አለው አንድ ቀን አንድ የእህል ነጋዴ።

“ጋሼ፣ ቀዳዳ ያለው ሁልጊዜ የዘለልነው ስንዝር ላይ ነው” አለው ደረጀ ቀና ሳይል።

ጋሽ በዳዳ ሳቀ። “እሱን ተወው። ይሄ ልጅ የጎማ ቄስ ነው። ቅዳሴውን ሳይጨርስ አይለቅህም።”

አንድ ክረምት ሥራ ጠፍቶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አሥራ አንድ አንዶችን ወረቀት ላይ ደርድሮ አሳየኝ። 11,111,111,111።

“ስንት ነው?” አለኝ። እኔ አሥረኛን ጨርሼ ወደ አሥራ አንደኛ ማለፌ ነው።

“አሥራ አንድ ቢሊዮን ምናምን።”

“ምናምን የሚባል ቁጥር የለም። ይከፈላል ወይስ አይከፈልም?”

“በምን?”

“እሱማ ነው ጥያቄው።”

ሦስት አንዶች፣ ማለትም 111፣ 3 ጊዜ 37 ነው። አምስት አንዶች 41 ጊዜ 271። ሰባት አንዶች 239 ጊዜ 4649። እነዚህን ሁሉ ለብቻው አግኝቷቸዋል። የአንዶቹ ብዛት ራሱ የሚከፈል ከሆነ፣ እንደ አራት፣ እንደ ስድስት፣ እንደ ዘጠኝ፣ ቁጥሩም ያለ ችግር ይከፈላል። ሁለት አንዶች፣ 11፣ ግን አይከፈልም፤ ከራሱና ከአንድ በቀር የሚያካፍለው የለም። ብቸኛ ቁጥር ነው። አሥራ አንዱስ? አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ ያለው ሰው ያውቀው ይሆናል። ምናልባት አንድ መስመር ነው። እኛ ግን የምንጠይቀው ሰው አልነበረንም።

ደረጀ መንገድ አገኘ። ከ41 እና ከ271 ላይ አንድ ቀንስ፤ 40 እና 270፣ ሁለቱም በአምስት ይከፈላሉ። ከ239 እና ከ4649 ላይ አንድ ቀንስ፤ ሁለቱም በሰባት ይከፈላሉ። ስለዚህ አሥራ አንዶቹን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ አንድ ሲቀነስለት በአሥራ አንድ መከፈል አለበት። ጎዶሎ ቁጥር ስለሚሆን ደግሞ በ22። ለምን እንደሆነ ጽፎ አሳይቶኛል፤ እስከ ግማሹ ገብቶኛል። እንዲህ ሆኖ 23፣ 67፣ 89፣ 199 እያለ ይሄዳል። ከ105,409 በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ ከሁለት ተባዥዎች አንዱ የግድ ከዚያ ያንሳልና። ክረምቱን ሙሉ ዝርዝሩን ሲያወጣ ቆየ። ወደ አንድ ሺህ ቁጥር ሆነ። በአንድ ወረቀት ሃያ ሃያ አድርጎ ጻፋቸው፣ ሃምሳ ወረቀት። ወረቀቱ ከትምህርት ቤት የተጣለ የድሮ ፈተና ነው፤ በጀርባው ነው የምንጽፈው።

ከመስቀል በኋላ ማካፈል ጀመርን። ግማሹን ወረቀት እሱ፣ ግማሹን እኔ። ቁጥሩ ይጻፋል፣ ከጎኑ ቀሪው ይጻፋል። ቀሪው ዜሮ የሆነበት ቀን ሥራው አለቀ ማለት ነው። ዜሮ ሳይገኝ ሺሁም ካለቁ፣ ያም መልስ ነው፤ አሥራ አንዶቹ ብቸኛ ናቸው።

እዚህ ጋ ነው የማቆመው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ አሥራ ሁለተኛው ወረቀት የእኔ ተራ ነበር። ቁጥሮቹ ሃያ ሺህ ቤት ገብተዋል። ደረጀ ሥራ ላይ ነው። ከሰዓት ከኢተያ ልጆች ጋር ግጥሚያ ነበረን፣ እኔ ግራ ክንፍ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች በትክክል አካፈልኩ። ጓደኞቼ በመስኮት ጠሩኝ። የመጨረሻውንም በትክክል ሠራሁ፤ ሰው ቢያጣራ የሚያጣራው ዳርና ዳሩን ነው ብዬ። መሀል ያሉትን አሥራ ሰባቱን ግን አላካፈልኳቸውም። ቀሪዎቹን ከራሴ ፈጠርኳቸው። ከባድ አይደለም። ከአካፋዩ ያነሰ ማንኛውም ቁጥር ቀሪ ይመስላል። አንዱ ላይ 8312 ጻፍኩ። ለምን 8312 እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ደረጀ እጁን እየታጠበ “ስንት ለስንት?” አለኝ።

“ሁለት ለአንድ። አንዷን እኔ ነኝ ያገባሁት።”

“በራስህ ጎል እንዳይሆን ብቻ” ብሎ ሳቀ። “ወረቀቱን ሠርተህ ነው የሄድከው?”

“አዎ።”

ስህተት መያዣ ዘዴ ነበረው፣ አሃዞችን እየደመሩ ማጣራት። በራሱ ሥራ ላይ ሁልጊዜ ይጠቀምበታል። የእኔን ወረቀት ግን እንዲሁ አየት አደረገና ግርጌው ላይ “ታይቷል” ብሎ ጻፈ። “አታጣራውም?” አልኩት። ምን ነክቶኝ እንደጠየቅሁት አላውቅም። ምናልባት እንዲያጣራው ፈልጌ ይሆናል።

“ያንተን ለምን አጣራለሁ?” አለኝ።

ከአንድ ሺህ ውስጥ አሥራ ሰባት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ቁጥር አልዘለልኩም። በሐቅ ነው የምናገረው።

የካቲት ውስጥ ጋሽ በዳዳ ቤታችን መጣ። ካለ ወትሮው ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሹፌር ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ ነግሮት ነው። ለብሔራዊ ውትድርና በመጋቢቱ ዙር ከሚወሰዱት ውስጥ የደረጀ ስም አለ።

“ያ ዋቃ! አንተ አምላክ!” አለ ጋሽ በዳዳ። “ደሬ፣ ዛሬውኑ ውጣ። ሱቁን እኔ አለሁበት።”

አክስታችን ዲክሲስ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ የገብስ ማሳ መሀል። ዙሩ እስኪያልፍ እዚያ ቢከርም ማንም አይፈልገውም ነበር። እናቴ የዚያኑ ዕለት በሶ ፈጨች፣ ጋቢውን አጠበች።

“ሦስት ሳምንት ስጡኝ” አለ ደረጀ። “መቶ ሰባ ቁጥር ነው የቀረው።”

“አንተ ልጅ” አለች እናቴ፣ “ቁጥር ከነፍስ ይበልጣል?”

“አይበልጥም እማዬ።”

“ታዲያ ይዘኸው ሂዳ!”

“ቁጥር የሞላበት ሃምሳ ወረቀት ይዤ ኬላ ላይ ቢፈትሹኝ ምን ልላቸው ነው? ሂሳብ ነው ልበላቸው? የማን መልእክት ነው ብለው ነው የሚገርፉኝ።”

“ትተኸው ሂድ!”

“እኔ እጨርስልሃለሁ” አልኩት። “ሂድ። ውጤቱን እልክልሃለሁ።”

እጁን ሁለት ጊዜ ሱሪው ላይ ጠረገ። “አንተማ ትጨርሰዋለህ። ግን እዚህ ድረስ መጥቼ ሌላ ሰው አይነግረኝም። ዜሮው ካለ ራሴ ማየት አለብኝ። ዜሮው የተገኘ ዕለት፣ ወይም ሺሁ ያለቀ ዕለት፣ ሰዓትም አልጨምር፤ በእግሬም ቢሆን ዲክሲስ እገባለሁ።”

ያን ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ወረቀት የውሸት ነው ልል። ግን አሰብኩ። ብነግረው አሥራ ሰባት ቁጥር ይጨመርበታል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይዘገያል። ዝም ካልኩ ቶሎ ይሄዳል። እንዲሄድልኝ ብዬ ዝም አልኩ። ይህንን ማንም ላያምነኝ ይችላል፤ አንዳንድ ቀን እኔም አላምነውም። ግን እንዲሄድ ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ እንደ እብድ ነው የሠራነው። ትምህርት ቤት እንኳ ጠረጴዛ ሥር እያካፈልኩ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ትጠብቃለች። በየሰዓቱ “ስንት ቀረ?” ትላለች። እንነግራታለን። መቶ ሃያ። ዘጠና። ስድሳ አምስት። ማንበብ የማትችለው እናቴ ያን ሰሞን ከእኛ እኩል ትቆጥር ነበር።

አርባ ሰባት ሲቀሩ፣ ሐሙስ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ መጡ። ለምሳ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሱቁ ጋ ደርሼ ነበር። ሊቀመንበሩ በላንድሮቨር ነው የመጣው፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከኋላ። ከመኪናው ጎማዎች አንዱ ተንፍሷል።

“ደረጀ ማለት አንተ ነህ?” አለ ሊቀመንበሩ።

“እኔ ነኝ ጓድ።”

“ጥሩ። በመጀመሪያ ጎማዋን ሥራት። ከዚያ አብረን እንሄዳለን።”

ደረጀ ጎማውን ፈታ፣ ካላማዳሪያውን አወጣ፣ ነፋ፣ ውሃ ውስጥ ነከረው። ጋሽ በዳዳ በዓይኑ የጓሮውን አጥር አሳየው። አጥሩ የተበሳ ነው፣ ከኋላው ወንዝ አለ። አብዮት ጠባቂዎቹ ሲጋራ እየተለኳኮሱ ነበር። ደረጀ አየው፤ እኔንም አየኝ። ከዚያ ወደ ውሃው አቀርቅሮ ስንዝር በስንዝር ማዞር ጀመረ። ምናልባት እሱ ቢሮጥ እኔን እንደሚይዙ አስቦ ነው። ምናልባት የጀመረውን ትቶ መሄድ ስለማያውቅ ነው። አልጠየቅሁትም።

“ሰውዬው ጎማ ነው የሚሠራው ወይስ ሕፃን ነው የሚያጥበው?” አለ አንዱ አብዮት ጠባቂ።

“ጓድ፣ ሕፃንማ በዳቦ ይታለላል” አለ ደረጀ። “ይሄ አይታለልም።”

ሊቀመንበሩ ራሱ ሳቀ። ደረጀ ቀዳዳውን አገኘው። ቢሆንም ዙሩን ጨረሰ። ለጠፈ፣ ገጠመ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ከዚያ እጁን ሁለት ጊዜ ጠረገና ጠመኔውን ከጆሮው አውርዶ እጄ ላይ አደረገው።

“አርባ ሰባት ነው የቀረው” አለኝ። “እንዳትዘል።”

በዚያችው በጠገናት ጎማ ላይ ይዘውት ሄዱ።

አርባ ሰባቱን በአራት ቀን ጨረስኳቸው። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያካፈልኩት። አንድም ዜሮ አልነበረም። ከማሠልጠኛ የጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ሲደርሰን፣ ደብዳቤ እንደሚከፈት ስለሚያውቅ፣ “እነዚያ አሥራ አንድ ወንድማማቾች ተለያዩ ወይስ አንድ ላይ ናቸው?” ብሎ ጠይቆ ነበር። እኔም “አንድ ላይ ናቸው፣ ማንም አልለያያቸውም” ብዬ መለስኩ። ስጽፈው ውሸት አልመሰለኝም። ያ ወረቀት ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር ማለት አልችልም፤ ግን አሥራ ሰባት ነው ብዬ ነበር።

የመጨረሻው ደብዳቤው ስድስት መስመር ነው። “ስለ ወንድማማቾቹ የጻፍክልኝን ሰው በሌለበት ደጋግሜ አነበብኩት። አለመለያየታቸው ደስ ብሎኛል። እንግዲህ አንድ ነገር አውቄአለሁ ማለት ነው። አንድ ይበቃኛል ብዬህ ነበር። እማዬን አደራ። አንተን ስላገኘሁ እግዚአብሔር ይመስገን።”

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ጓዳ ገብቼ ወረቀቶቹን አወጣሁ። የእጅ ጽሑፉን ለማየት ብዬ ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። አሥራ ሁለተኛው ጋ ስደርስ የራሴ ጽሑፍ ነው። ግርጌው ላይ የእሱ “ታይቷል”።

እርሳስ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከውጭ እናቴ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች። ሦስተኛውን ቁጥር አካፈልኩ፣ ቀሪ አለው። አራተኛውን፣ ቀሪ አለው። አምስተኛውን። ስድስተኛውን። ዐሥሩን ሳልፍ ትንፋሽ አገኘሁ፤ ከእንግዲህ የለም አልኩ፣ እግዚአብሔር ማረኝ አልኩ። አሥራ አራተኛው 21,649 ነው። 8312 የጻፍኩበት።

ዜሮ መጣ።

ደግሜ አካፈልኩት። ዜሮ። ከዚያ አባዛሁት፤ 21,649 ጊዜ 513,239። አሥራ አንዱ አንዶች አንድም ሳይጎድል እርሳሴ ሥር ተደረደሩ። እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ያየሁትም እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።

ኅዳር ነበር። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ብቀመጥ ኖሮ፣ እሱ ማታ እጁን እየታጠበ ዜሮውን ያየው ነበር። የካቲት ላይ ጋሽ በዳዳ ሲመጣ የሚያቆየው ነገር አልነበረም። የካቲትም ላይ ቢሆን አፌን ከፍቼ ነበር። ብናገር አሥራ ሰባት ቁጥር ነው። በሁለት ሦስት ቀን እንጨርሰዋለን። በማግስቱ ዲክሲስ ነበር።

ጋሽ በዳዳ ሊፈልገኝ ጓዳ ገባ። መሬት ላይ ነበርኩ። ወረቀቱን አይቶ እኔን አየ። ቁጥር ብዙ አያውቅም። ግን ያንን ልጅ አምስት ዓመት አብሮት ሠርቷል።

“ምን አገኘህ?” አለኝ።

 ጣቴን ቁጥሩ ላይ አደረግሁ።

“ዘልለህ ነበር?” አለኝ።

“ዘልዬ ነበር።”

 ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። “ለእናትህ እንዳትነግራት” አለኝ። ነገሩን ከዚያ በኋላ አንስቶብኝ አያውቅም። አሁን የምሠራው እሱ ዘንድ ነው፣ በዚያው በርሜል ላይ። ቀዳዳ ሳገኝም ዙሩን እጨርሳለሁ።

አርባው የወጣ ዕለት እናቴ የመጨረሻውን ደብዳቤ አምጥታ አንብብልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

“ያ ቁጥር አለቀ፣ አይደል?” አለችኝ።

“አለቀ እማዬ።”

“እንዳለው ነው? ብቸኛ ነው?”

ዓይኗ ፊቴ ላይ ነበር።

“እንዳለው ነው” አልኳት።

“እሱስ አውቆ ሄደ” አለች። “አንድ ነገር እንኳ ሞላለት።”

ከ8312 ቀጥሎ ይህ ሁለተኛው የውሸት ቀሪዬ ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ እዚህ ጽፌዋለሁ።